የስንደዶዋ ጫፍ

ስንደዶ ውኃ ሲነካው የሚያወጣውን ሽታ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እናቴ ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ሰፌዷን ስትሰፋ፣ አክርማውን በጣሳ ውኃ ትነክረውና ከስንደዶው እስር መካከል ቀጥ ያለችውን፣ ጫፏ ያልተሰበረውን አንዲት ዘንግ መርጣ «በል ይቺ ለፊደልህ» ትለኝ ነበር። እኔም ያቺን ስንደዶ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ በሌላው እጄ ለየኔታ የምወስደውን ሁለት እንጨት ይዤ፣ ጤዛው እግሬን እያራሰኝ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እሮጣለሁ። ዘመኑ 1963 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ በእግር ግማሽ ቀን የሚያስኬድ አገር። ዕድሜዬ ስድስት ነበር፤ በዓለም ላይ ከኔ ስንደዶ የቀናች ስንደዶ ያለች አይመስለኝም ነበር።

የኔታ የሚያስተምሩት ከወይራው ሥር ነው። ክረምት ሲሆን ወደ ጎጇቸው እንገባለን፤ እዚያ ደግሞ የእርጥብ እንጨት ጢስ፣ የበግ ለምድና ከመቅደሱ ተከትሏቸው የመጣ የዕጣን ሽታ አንድ ላይ ተደባልቆ ይቀበለናል። እስካሁን ድረስ እርጥብ ወይራ ሲጨስ የሸተተኝ እንደሆነ አፌ ሳላዘው «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ማለት ይጀምራል። የፊደል ገበታዬ በጣውላ ላይ የተለጠፈች ወረቀት ነበረች፤ ከኔ በፊት ሁለት ወንድሞቼ ስለተማሩባት የ«ሀ» ቤት በጣት ብዛት ደብዝዟል፤ ታች ያሉት የ«ፐ» ቤቶች ግን ገና እንደ አዲስ ነበሩ።

የፊደሉን ዜማ ለመያዝ ብዙ አልፈጀብኝም። በሳምንቱ ዓይኔን ጨፍኜ ከላይ እስከ ታች እወርደው ጀመር። እቤት ስገባ ለእናቴ አዜምላታለሁ፤ ለጎረቤታችን ለእታለም አዜምላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ያልሰሙት ነገር የነገርኳቸው ይመስል ምርቃታቸውን ያወርዱልኝና አንድ እፍኝ የተቆላ ሽምብራ ይሰጡኛል። አንድ ቀን የኔታ እጄን ከነስንደዶዬ ያዙና ጫፏን «ሙ» ላይ አሳረፏት። «ይቺ ማን ናት?» አሉኝ። ዝም አልኩ። በልቤ ከ«ሀ» ተነሥቼ እየቆጠርኩ «ለ»ን አለፍኩ፣ «ሐ»ን አለፍኩ፤ «መ» ላይ ስደርስ ግን የኔታ ስንደዶዋን ወደ ሌላ ቦታ ወስደዋታል። «ልጄ፣ አፍህ አውቋል፤ ዓይንህ ገና ነው» አሉኝ፤ ያሉኝም በርኅራኄ ነበር።

ለዚህ የሚሆነውን መድኃኒት አባቶች አስቀድመው አዘጋጅተውታል፤ አቡጊዳ ይባላል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። አንደኛውን ፊደል ከአንደኛው ረድፍ፣ ሁለተኛውን ከሁለተኛው፣ ሦስተኛውን ከሦስተኛው እያነሣ አግድም የሚሄድ፣ የለመዱትን ዜማ ሆን ብሎ የሚያፈርስ ቅደም ተከተል ነው። አፍ ብቻውን መሮጥ ሲያቅተው ዓይን ሥራውን ይጀምራል። እኔ ያኔ ይህን አላውቅም። የኔታ ያስቸግሩኝ ዘንድ ያመጡት ሌላ ዜማ መስሎኝ ሁለት ቀን አኩርፌ ነበር።

ከአቡጊዳ በኋላ ሐዋርያ ይመጣል፤ የዮሐንስ መልእክት ማለታችን ነው። እሱን መጀመሪያ በቁጥር እናነባለን፤ እያንዳንዷን ፊደል ለብቻዋ እየጠራን፣ በስንደዶ ጫፍ እየነካን። ቀጥሎ በግዕዝ፣ እያስረዘሙ ማያያዝ ነው። ከዚያ በውርድ ንባብ። በመጨረሻም በቁም ንባብ፣ ተነሽና ወዳቂውን፣ ተጣይና ሰያፉን ለይቶ እንደ ሰው ንግግር ቀጥ ብሎ መሄድ ነው። አንዱን ገጽ አራት ጊዜ፣ በአራት ዓይነት እግር እንሄድበታለን። የኔታ እኔን የሚሰሙኝ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። የቀረውን የሚያስቀጽለኝ ዳዊት የደረሰ አንድ ረጅም ልጅ ነበር፤ እሱ እኔን እያስቀጸለ የራሱን ትምህርት ይሸመድዳል፤ እኔም ወር ሳይሞላኝ «ሀ» የጀመረ አንድ ሕፃን ተሰጠኝ። ያን ዕለት ማታ እራቴን የበላሁት እንደ መምህር ቀስ ብዬ ነበር።

ከሁሉ የሚገርመኝ የየኔታ ጆሮ ነበር። እሳቸው ጭራቸውን እያወዛወዙ መደቡ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኛ ሃያም እንሆናለን ሠላሳ፣ እያንዳንዳችን የየራሳችንን እንጮሃለን፤ አንዱ ፊደል፣ አንዱ ሐዋርያ፣ አንዱ ወንጌል፣ አንዱ ዳዊት። ላልለመደው ሰው የገበያ ጫጫታ ነው። የኔታ ግን ከአንዱ እንግዳ ጋር ስለ ዝናቡ እየተጫወቱ በመሀል ወደ ግራ ዘወር ብለው «አንተ፣ ዘለልክ!» ይላሉ፤ ያ ልጅም እውነትም ዘሎ ነበር።

ማታ ደግሞ የቃል ትምህርት ነው። ፀሐይ ጠልቃ ፊደል መለየት ሲያቅት መጽሐፉ ይታጠፋል፤ ጆሮ ተራውን ይይዛል። በጨለማ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን፣ የኔታ አንድ ሐረግ ሲጥሉ እኛ ስናነሣ፣ ውዳሴ ማርያምን የሰኞውን በሰኞ፣ የማክሰኞውን በማክሰኞ እንይዛለን። ሳምንቱ ሰባት ቀን መሆኑን በደንብ ያወቅሁት በዚያ ይመስለኛል። የምንለው ነገር ግዕዝ ስለሆነ ትርጉሙን አናውቀውም፤ ማንም አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ልጅ ግን ባዶ ቃል አይወድም፤ ያልተነገረውን ራሱ ይሞላዋል። ውዳሴው እመቤታችንን ደጋግሞ «ሰአሊ» ይላታል። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን የቤተ ክርስቲያናችንን ግድግዳ ሊያድስ የመጣ ሠዓሊ አይቼ ነበር፤ ቀለሙን በቅል ስባሪ በጥብጦ፣ በፍየል ጠጉር ብሩሽ ክንፍ የሚሥል ሰው። እናም እመቤታችን ሠዓሊ መሆኗን ተረዳሁ። የመስከረም አደይ በአንድ ሌሊት ሜዳውን ሲሞላው የማን እጅ እንደሆነ ስለማውቅ አልደነቀኝም። ለእናቴም ነገርኳት፤ እሷም የሰፌዷን ዙር እያጠበቀች «ምን ይሳናታል» አለችኝ።

ከኛ ከፍ ብለው፣ ከቅጥሩ በስተኋላ የቅኔ ተማሪዎች ይኖሩ ነበር። ከሩቅ አገር የመጡ፣ ለምድ የለበሱ፣ አኩፋዳቸውን ያነገቱ፣ በየደጁ ስለ ማርያም ብለው የለመኑትን ኮቸሮ ተካፍለው የሚበሉ ጎረምሶች። ማታ ማታ ግስ ሲያወርዱ ድምፃቸው እስከ ቤታችን ይሰማል። ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማኅረከ፣ ሴሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ፤ ስምንቱ የግስ አርእስት በየተራ ይነሡና የቀረው ግስ ሁሉ በየአለቃው ኋላ እንደ ሠራዊት ይሰለፋል። ጠዋት ደግሞ አንዳቸውም አይታዩም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ወደ ጫካው ገብቶ፣ ከአንዱ ድንጋይ ጥግ ተቀምጦ፣ ነጠላውን ወይ ለምዱን ተከናንቦ ቅኔ ይቆጥራል። የተሰጠውን አገባብ ይዞ ማንም ያላለውን አዲስ ነገር ማለት አለበት፤ መጀመሪያ ሁለት ቤት ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃና፣ እያደገ ሲሄድ እስከ መወድስ። ከሰዓት በኋላ ለመምህሩ ይነግራል፤ ነገራ ይሉታል፤ መምህሩም ያቃናለታል፣ ወይ ይመልሰዋል። ከብት ስጠብቅ አንዱ ተማሪ ከቋጥኝ ሥር ለብቻው ሲያጉተመትም አይቼ ያበደ መስሎኝ ሮጬ እንደነበር አስታውሳለሁ። ጠርቶ ከኪሱ የገብስ ቆሎ ሰጠኝ። «ቃል እየፈለግሁ ነው፤ አንተ አላየሃትም?» አለኝ። እኔም ከልቤ ዙሪያውን አየሁለት።

መቶ ሃምሳውን መዝሙር ከነመኃልዩ ስጨርስ ዳዊት ደገምኩ ተባለ፤ እናቴ ጠላ ጠመቀች፤ የኔታ ጋቢ ለበሱ፤ እኔም ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ተላክሁ።

በ1978 ዓ.ም. ባሕር ዳር የመምህራን ኮሌጅ ስገባ የተመደብኩት እንግሊዝኛ ቋንቋ ነበር። ከመኝታ ክፍላችን መስኮት የጣና ነፋስ የደንገል ሽታ ይዞ ይገባል። የረጠበ ደንገል ከረጠበ ስንደዶ ብዙም አይለይም፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት ናፍቆት የተሸከምኩት በዚያ ሽታ ነው። ስለ ቋንቋ ማስተማሪያ ዘዴዎች የሚሰጥ ትምህርት ነበረን። መምህራችን አንድ ቀን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ወታደሮቹን የባዕድ ቋንቋ በፍጥነት ለማስተማር ስለተጠቀመበት መንገድ ነገሩን፤ መምህሩ ይላል፣ ተማሪው ይደግማል፤ መጽሐፉ ወደ ኋላ ይቆያል፤ ጆሮና አፍ ይቀድማሉ፤ ዓረፍተ ነገሩ ልማድ እስኪሆን ድረስ ይመላለሳል። ከዚያ ተነሥቶ የቋንቋ ትምህርት ዓለምን ያዳረሰ ዘዴ ሆነ አለን። እኔ ደብተሬ ላይ መጻፌን አቁሜ በመስኮቱ አሻግሬ አየሁ። የኔታ በጨለማ ውስጥ ሐረጓን ሲጥሉ፣ እኛም ስናነሣ፣ ያ የእርጥብ እንጨት ጢስ እየሸተተኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ትምህርቱ የሩቅ አገር ዕውቀት መሆኑ ቀረ፤ የሰፈሬን ሰዎች በሌላ ስም እየጠራ የሚያስተዋውቀኝ መሰለኝ። ተማሪ ተማሪን ሲያስተምር፣ ያ ረጅሙ ልጅ። ተማሪው የራሱን አዲስ ዓረፍተ ነገር እንዲፈጥር ሲደረግ፣ ከቋጥኙ ሥር ቃል የጠፋበት ጎረምሳ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ስለ ኮሜኒየስ ያነበብኩበት ቀንም አይረሳኝም። በሞራቪያ የተወለደ የቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ነበረ፤ በሃይማኖቱ ምክንያት ካገሩ ተሰድዶ ዕድሜውን በየሰው አገር ሲንከራተት የኖረ። ይኸው የቤተ ክርስቲያን ሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1658 ለልጆች በሥዕል የተሞላ የቋንቋ መጽሐፍ አሳተመ፤ ሥዕሎቹ ቁጥር አላቸው፤ ከጎናቸው ላቲኑና ጀርመንኛው ተጽፏል፤ ልጁ ቃሉን ከነገሩ ጋር ያገናኛል። ቃልና ነገር መገናኘት አለባቸው ይል ነበር። እኔ ደግሞ ሰአሊንና የቅል ስባሪውን አስታወስኩ።

ሌላም ነበረ፤ ጋቴኞ የሚባል። እስክንድርያ ተወልዶ፣ በ1957 እንደ ፈረንጆቹ በተባበሩት መንግሥታት በኩል ለትምህርት ሥራ ኢትዮጵያ መጣ፤ እዚሁ ሳለ የአማርኛን ፊደል ተመልክቶ ድምፆቹን በቀለም እየለዩ ንባብ ማስተማር የሚቻልበትን መንገድ አሰበ። ያ ሐሳብ በኋላ በእንግሊዝኛና በሌሎችም ቋንቋዎች በዓለም ታወቀ። ይህን ሳነብ ያቺ የደበዘዘች ገበታዬ ፊቴ ድቅን አለች። የሰው አገር ምሁር የኛን «ሀ ሁ» ቁጭ ብሎ አይቶት፣ ከውስጡ ለዓለም የሚሆን ነገር ማውጣቱን ለጓደኞቼ በየመኝታ ክፍሉ እየዞርኩ አወራሁት።

ተመርቄ የተመደብኩት ደሴ ነው። የጦሳን ጉም የምታውቁ፣ ጠዋት ሰው ከሰው እስከማይተያይ ድረስ መንገዱን ሲያለብሰው የነበረውን ታስታውሱታላችሁ። ሳምንቱን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአጥቢያችን ሰንበት ትምህርት ቤት የሕፃናቱን ክፍል እንድረዳ ተጠየቅሁ። አዳራሹ የቆርቆሮ ነው፤ የጧፍ፣ የከበሮ ጠፍርና አዲስ የታጠበ ነጠላ ይሸታል። ልጆቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረው፣ እግራቸው መሬት ሳይደርስ እያወዛወዙ፣ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ይገለብጣሉ። አምስቱ አዕማደ ምሥጢር እነማን ናቸው ስትሏቸው ሥላሴ፣ ሥጋዌ፣ ጥምቀት፣ ቁርባን፣ ትንሣኤ ሙታን ብለው በአንድ ትንፋሽ ይወርዱታል። ሦስተኛውን ለብቻው የጠየቅኋት አንዲት ልጅ ጣቷን እያጠፈች ከመጀመሪያው ቆጠረች። እኔ «ሙ» ላይ የቆምኩትን ራሴን አየሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ሰሌዳውን አልነካሁትም። ጠመኔ ይዤ ወለሉ ላይ ምሥራቅን የሚያሳይ ትልቅ መስቀል ሠራሁ። ከዚያም ዲያቆኑ በቅዳሴ ጊዜ ከሚያዝዛቸው ቃላት ጥቂቱን መረጥኩ። ተንሥኡ። ነጽሩ። አትሕቱ። ከነሱም ላይ ንበሩን ጨመርኩ። ትርጉም አልተናገርኩም። ተንሥኡ እያልኩ ተነሣሁ፤ ንበሩ እያልኩ ተቀመጥኩ፤ ነጽሩ ብዬ ወደ መስቀሉ ዞርኩ፤ አትሕቱ ብዬ ራሴን ዝቅ አደረግሁ። ልጆቹ መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ አንዱ ተነሣ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ይነሣ ይቀመጥ ጀመር፤ አግዳሚዎቹ ሲንጓጉ የድግስ ቤት ይመስል ነበር። ቃልን ከሰውነት እንቅስቃሴ ጋር የሚያስተምረውን ይህን መንገድ ኮሌጅ ሳለሁ ያጠናሁት አሸር ከሚባል አሜሪካዊ ምሁር ነው፤ ዲያቆኖቻችን ግን በየእሑዱ ሲያደርጉት መኖራቸውን ያስተዋልኩት ያን ዕለት ነው።

ከዚያ ተቀምጠን ቃላቱን ከአማርኛችን ጋር እናዛምዳቸው ጀመር። የምትቀመጡበት ምን ይባላል? ወንበር። ንበሩ ከዚያ ወዲያ ባዕድ ቃል አልሆነም። አያታችሁ ሲያነቡ ዓይናቸው ላይ ምን ያደርጋሉ? መነጽር! ነጽሩ ብርሃን ሆነላቸው። አትሕቱ ትሕትናን ይዞ መጣ። ተንሥኡን ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። በመጨረሻ፣ ለብዙ ዓመት በልቤ የያዝኳትን ጥያቄ ጠየቅኋቸው፤ ሰአሊ ማለት ምን ማለት ነው? ከፊት የተቀመጠ፣ ሁለት የፊት ጥርሱ የወለቀ ልጅ እጁን አውጥቶ «ሥዕል የምትሥል» አለ። አቅፌ ሳምኩት። ከዚያ እናቶቻችሁ ልጅ ሲታመምባቸው፣ መንገደኛ ሲዘገይባቸው ለእመቤታችን ምን ይሳላሉ ስላቸው «ስለት!» ብለው ጮኹ። ስለት የምንላት ያቺው ስእለት ናት፤ ሰአለ፣ ለመነ፤ ሰአሊ፣ ለምኚ። አዳራሹ ለአፍታ ጸጥ አለ። ጥርሱ የወለቀው ልጅ ለራሱ «ለምኚልን ነው እንዴ የምንላት?» ሲል ሰማሁት። እኔ ይህን ለማወቅ ከእሱ ዕድሜ በላይ አሥር ዓመት ወስዶብኝ ነበር።

ሁሉም አልወደደውም። ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ወደ ጎን ጠርተው ቤተ ክርስቲያን የመጫወቻ ሜዳ እንዳልሆነች ነገሩኝ፤ አባቶች ቆመው የተቀበሉትን ልጆቹ እየዘለሉ ሲቀበሉት ማየቱ ከብዷቸው እንደሆነ ገብቶኛል፤ በክፋት አልነበረም። በዚያ ሰሞን ከበሩ አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ ፀሐይ የሚሞቁ አንድ አረጋዊ የቅኔ መምህር ነበሩ። እሳቸው ናቸው «ልጆቹ እኮ ታዝዘዋል፤ ከዚህ በላይ ምን ትሻለህ» ብለው ነገሩን ያበረዱልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጄ ሆኑ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ከመምህራቸው ከክፍለ ጊዮርጊስ ተረክበው የደከሙበትን፣ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙትን ታላቁን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ያየሁትም በሳቸው ቤት ነው። በነጠላ ጠቅልለው ያስቀምጡታል። ከፊቴ ዘርግተው «ፈልግ» አሉኝ። «ሀ»ን ፍለጋ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ፤ «አ» ነው ያለው። ግራ ገባኝ፤ ወደ መካከል ሄድኩ፤ ተመለስኩ። እሳቸው ዝም ብለው አዩኝና «አቡጊዳህን ረሳኸው?» አሉ። አ፣ በ፣ ገ፣ ደ። መዝገቡ የተደረደረው በዚያ ነበር። በስድስት ዓመቴ ያኮረፍኩበት ቅደም ተከተል የዚያ ሁሉ ዕውቀት መክፈቻ ሆኖ ሲጠብቀኝ ኖሯል። የገጹን ጠርዝ በጣቴ እየዳሰስኩ ብዙ ቆየሁ፤ ቡናው ሦስተኛ ደርሶ ነበር።

ደሴ ላይ የሠራነውን ሁሉ ብተርክላችሁ አያልቅም። የጠፋውን ልጅ ታሪክ በጭውውት ስናሳይ አባትየው የሆነው ልጅ ሊናገር የሚገባውን በደንብ አጥንቶ ነበር፤ ልጁ ከሩቅ ብቅ ሲል ግን ጥናቱን ሁሉ ጥሎት ነጠላው እስኪወድቅ ሮጠና ተጠመጠመበት፤ አንድም ቃል አልተናገረም። ከኋላ የተቀመጡ እናቶች አለቀሱ። እኔም ለሚቀጥለው ክፍል ያዘጋጀሁትን የጥያቄ ካርድ ኪሴ ከተትኩት።

አንድ ነገር ግን አበላሽቼ እንደገና አቅንቻለሁ። በአዲሱ ዘዴ ደስታ ሰክሬ አንድ ወቅት በሙሉ ቃል ማስያዙን ተውኩት። ልጆቹ ይጠይቃሉ፣ ይመልሳሉ፣ ይሥላሉ፣ ያስረዳሉ። ፋሲካ ሲደርስ ግን ከሕዝቡ መካከል ቆመው ሁሉም ሲቀበል እነሱ ዝም አሉ፤ ምን እየተባለ እንደሆነ ያውቃሉ፣ ነገር ግን አፋቸው ላይ የለም። ያን ዕለት የኔታን ናፈቅኋቸው። ለካ ከወይራው ሥር እንዲያው የሸመደድነው የመሰለኝ ሁሉ ለሰው ሕይወት የሚሆን ስንቅ ነበር፤ ትርጉሙ በአሥር ዓመት፣ በሃያ ዓመት ሊመጣ ይችላል፤ ቃሉ ቀድሞ ቤት ካልያዘ ግን ትርጉሙ የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። ትርጉሙም ደግሞ እንደኔ ያን ያህል መዘግየት አልነበረበትም። ከፋሲካ በኋላ ሁለቱን አንድ ላይ አደረግናቸው። ቅዳሜ ማታ የአዳራሹን መብራት አጥፍተን፣ አንዲት ጧፍ ብቻ በሩቅ ትተን፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን ሐረግ በሐረግ ቃል ያዝን። እሑድ በቀን ያንኑ ፈታነው። በጨለማው ውስጥ ያ ጥርሱ የወለቀ ልጅ ክርኔ ላይ እንቅልፍ ወስዶት አፉ ግን አሁንም ይቀጽል ነበር።

እነዚያ ልጆች ዛሬ የልጆች አባትና እናት ናቸው። አዳራሹም በብሎኬት ተሠርቷል። ባለፈው ጊዜ እህቴን ልጠይቅ ቨርጂኒያ ሄጄ፣ እዚያ ባለው ቤተ ክርስቲያን የልጅ ልጇ ከጓደኞቿ ጋር ስትዘምር አየሁ። መዝሙሩ በላቲን ፊደል ተጽፎ በስልኳ ላይ ነበር፤ «ጸ»ን በእንግሊዝኛ ፊደል ለመጻፍ የተጨነቁትን ጭንቀት አይቼ ሆዴ ባባ። ማታ ሳሎኑ ውስጥ ተንሥኡ አልኳት። በሁለተኛው ሳምንት ፊደል ገበታ አትሜላት፣ ከወጥ ቤት የእንጨት ማንኪያ ይዛ ከፊቴ ቆመች። የማንኪያው እጀታ ወፍራም ስለሆነ አንድ ጊዜ ሦስት ፊደል ይሸፍናል። ስንደዶ እዚያ አገር ከየት ይመጣል።

የኔታን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው በ1986 ዓ.ም. ነው። ወይራው አለ፤ መደቡም አለ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ድምፄን ሰምተው ግን ስሜንም የአባቴንም ስም አከታትለው ጠሩ። ጉልበታቸውን ስሜ አጠገባቸው ተቀመጥኩና ስለ ኮሌጁ፣ ስለ ዘዴዎቹ፣ ስለ አሜሪካ ወታደሮች፣ ስለ ደሴ ልጆች አንድ በአንድ አጫወትኳቸው። እሳቸው ጭራቸውን እያወዛወዙ «እሰይ፣ እሰይ» ይላሉ፤ በመሀል ወደ ግራ ዘወር ብለው «አንተ፣ ዘለልክ!» አሉ፤ ዘሎ የተገኘው ልጅም ወደ ኋላ ተመለሰ። ወሬዬን ስጨርስ ትንሽ ዝም አሉ።

«ዳዊትህስ?» አሉኝ።

ከአንዱ ተማሪ ዳዊቱን ተቀብዬ ገለጥኩ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ተቃርባለች፤ ጽሕፈቱም ደቂቅ ነው። ድምፄን ጠርጌ ጀመርኩ፤ ሦስት መስመር እንኳ በቅጡ ሳልሄድ የየኔታ እጅ ክንዴ ላይ አረፈ።

«ግሱን ጣልከው። ተነሽ ነው፤ አንሣው። እንደገና ከራሱ።»

ወደ ላይ ስመለስ መስመሩ ጠፋኝ። ከጎኔ ቆሞ ሲያየኝ የነበረ አንድ ሕፃን፣ ምንም ሳይናገር፣ ከጆሮው ላይ ስንደዶውን አውጥቶ ሰጠኝ።